ምዕራፍ ሰባት፦ በውሰት የሄደ በሬ

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፣ በመላ አገሪቱ በኮሮና መያዛቸው በምርመራ የተረጋገጠ ሰዎች 55 ነበሩ። የሞቱት ሁለት ናቸው። አዋጁ የአምስት ወር ዕድሜውን ጨርሶ፣ ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሲያበቃ ደግሞ የተያዙት ከ50 ሺህ በላይ ሆነዋል። ጥቂት ሰው ሲታመም አዋጅ፣ ብዙ ሰው ሲታመም ዝምታ። ይህን ይዞ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ከሁለት አንዱን መጠየቁ አይቀርም፤ ወይ «ያኔ ምን አስቸኮላቸው?» ወይ «አሁን ምን አዘናጋቸው?»

ለሁለቱም ጥያቄዎች የጤና ሳይንስ መልስ አለው። በምዕራፍ ሦስት አንድ ታማሚ በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚነግረንን ቁጥር፣ በምዕራፍ አምስት ደግሞ በሽታው ሰው ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ የሚደበቅበትን ጊዜ አይተናል። ኮሮና አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይደበቃል። ስለዚህ ዛሬ የተቆጠረው ታማሚ የተያዘው ዛሬ አይደለም፤ የምናየው ያለፈውን ሳምንት ነው። እርምጃው አደጋው በዓይን ከመታየቱ በፊት መወሰድ አለበት፤ ታይቶ ከሆነማ አምልጧል። የቁጥሩ መናርም ቢሆን ከፊሉ የመጣው በነሐሴ ወር በተካሄደው ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ነው፤ ብዙ የፈለገ ብዙ ያገኛል።

ነገር ግን ይህ መልስ ራሱ አንድ ችግር ይዞ ይመጣል። ባለሙያው የሚፈራው ነገር ገና አልታየም። ዜጋው የሚከፍለው ዋጋ ግን ዛሬውኑ ይታያል፤ ገበያው ይዘጋል፣ መኪናው በግማሽ ሰው ይጫናል፣ ለቅሶ አይደረስም። በወረርሽኝ ጊዜ የሚወጣ አዋጅ ሁሉ «እመኑኝ» ማለት ነው። ታዲያ ሰው መንግሥትን የሚያምነው መቼ ነው? የዚህ ምዕራፍ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ባለቤቱ የሚጠይቀው

ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ዙሪያ የጤፍ እርሻ ሲደርስ በሬ የጎደለው ገበሬ ከጎረቤት ይዋሳል። ዝናቡ አይጠብቅም፣ የመዝሪያው ቀን አጭር ነው፣ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። እንግዲህ ጎረቤትየው መጥቶ «ጋሼ፣ በሬዎን ለሁለት ቀን ቢያውሱኝ» ይላል። ባለቤቱ እሺም እምቢም ከማለቱ በፊት ይጠይቃል። የቱን ማሳ ነው የምታርሰው? መቼ ትመልስልኛለህ? ማን ነው የሚጠምደው፣ ማንስ ያየዋል? ጫንቃው ተልጦ ቢመጣስ?

ጥያቄዎቹ ስድብ አይደሉም። እንዲያውም የሚጠየቀው የታመነ ጎረቤት ነው። ያልታመነውን ሰው ማንም እንዲህ አይመረምረውም፤ «ውይ፣ በሬው እኮ አሞታል» ተብሎ በትሕትና ይሸኛል። ይህቺን ትሕትና አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ኋላ ላይ ብዙ ሰው የምትገድለው እሷ ናት።

በሌላ ጊዜ የዜጋው የሆነ ነገር አለ፤ መውጣት መግባት፣ መሰብሰብ፣ መናገር፣ መነገድ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመያዝ። አደጋ ሲመጣ መንግሥት ይህን ይዋሳል። አልወረሰውም፣ አልገዛውም። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የሚባለው ሌላ ምንም ሳይሆን ይህ ውሰት ነው። ሰውም ውሰቱን የሚመዝነው በተዋሹ አነጋገር ሳይሆን፣ ባለፈው ጊዜ በሬው እንዴት ሆኖ እንደተመለሰ በማስታወስ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ውል

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ይህን ውሰት በዝርዝር ጽፎታል። ምክንያት ከሚሆኑት መካከል የውጭ ወረራ፣ በተለመደው ሕግ ማስከበር የማይመለስ ሥርዓቱን የሚያናጋ ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ እና የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ይገኛሉ። የተፈጥሮ አደጋ ወይም በሽታ ከሆነ ክልልም በግዛቱ ማወጅ ይችላል። የፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀውን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ያቀርባል። የሚጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ከስድስት ወር አይበልጥም፤ በየአራት ወሩ ግን በዚያው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ገደብ የለውም።

የሚያይ ዓይንም ተሰይሟል፤ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ። ከሥራዎቹ አንዱ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። ስም በስም ነው የሚለው፣ በድምር አይደለም።

ከማይነኩት መካከል ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 አሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የአገሪቱ ስያሜም አለ። በሕይወት የመኖር መብት ግን የለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በምንም አደጋ አይነካም ብሎ ካስቀመጣቸው መብቶች የመጀመሪያው ይኸው ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ዝርዝር ዘሎታል። የሕግ ሰዎች ስለዚህ ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ ለተራ አንባቢ የምለው፣ በሬህን ስታውስ «አትረደው» የሚለውን ሳትናገር የቀረኸው የማይታሰብ መስሎህ ከሆነ፣ ጻፈው።

የ2012 ውሰት

የኮሮናው አዋጅ፣ ቁጥር 3/2012፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በሚያዝያ 2 ጸደቀ። በ48 ሰዓት ውስጥ ማለት ነው። ዕድሜው አምስት ወር ተባለ፤ የተፈቀደውን ስድስት እንኳ አልጠየቀም። መርማሪ ቦርዱም ተሰየመ። መቼ ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነበር፣ በቀኑም ተመለሰ። በዚያው ወር የሃንጋሪ ፓርላማ ለጠቅላይ ሚኒስትር ኦርባን በድንጋጌ የመግዛት ሥልጣን ሲሰጥ የማብቂያ ቀን አልጻፈበትም፤ ሥልጣኑ የተነሳው በሰኔ ነው። ከዚያ ጋር ሲተያይ የእኛው የተሻለ ነበር።

«የቱን ማሳ?» የሚለው ላይ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። አዋጁ አጭር ነው፤ የትኞቹ መብቶች እንደሚታገዱ ራሱ አይዘረዝርም፣ ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ያወጣል ይላል። እንደራሴዎቹ እጃቸውን ያወጡት ምን እንደሚያውሱ ሳያዩ ነው። ኋላ ደንብ ቁጥር 466/2012 ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ አይሰበሰብም፣ እጅ መጨባበጥ ክልክል ነው፣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ይጭናል፣ አከራይ ተከራዩን አያስወጣም፣ አሠሪ ሠራተኛ አይቀንስም፣ ኅብረተሰቡን የሚያሸብር መረጃ ማሰራጨት ያስቀጣል። የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት። ከተከለከለው ብዙው በጤና ሳይንስ ዓይን ትክክል ነበር፤ የአከራይና የሠራተኛው አንቀጽማ ለድሃ ያሰበ ነው። ችግሩ በዚያው ደንብ ውስጥ ጭምብልና ወሬ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ለአንድ በሽታ የተዋሰ ሥልጣን በአፍ ላይም እንደሚጠመድ ሰው አየ።

የቀኑ አገጣጠም ደግሞ ሌላ ነው። አዋጁ የወጣው ፋሲካ 11 ቀን ሲቀረው ነው። ፋሲካ በሚያዝያ 11 ዋለ፣ ረመዳን በ16 ገባ። ደቡብ ወሎ ሁለቱም በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት የሚውሉበት አገር ነው። የሰሙነ ሕማማት ስግደትም፣ የተራዊህ ሶላትም፣ ቡናው እየተፈላ ጫቱ ተይዞ ዱዓ የሚደረግበት ወዳጃም ከአራት ሰው በላይ የሚጠራ ነው። ምእመናን ከደጅ እንዲቀሩ የሃይማኖት አባቶቹ ራሳቸው በመናገራቸው ክልከላው መራርነቱ ቀለለ። በመንግሥት ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

የምርጫው ቀን

እምነቱን ከሁሉ የጎዳው ግን በሽታው ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቀጥሮ ነበር። ምርጫ ቦርድ መጋቢት 22 ቀን በወረርሽኙ ምክንያት በተያዘው ቀን ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመን በመስከረም ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይገዛል? ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የለውም። ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ተመራ፤ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ምርጫ እንዲካሄድ፣ እስከዚያ ያሉት እንዲቆዩ ወሰነ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ሁለት ቀን ቀድመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ትግራይ በጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ። የሁለት ወር ዕድሜ እንኳ ሳይሞላው ጦርነቱ ጀመረ። አገር አቀፉ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው።

ጦርነቱ ብዙ ሥር ነበረውና በወረርሽኙ ላይ ማላከክ ስንፍና ይሆናል። እዚህ የሚያገባን ጠባብ ነጥብ ነው። የበሽታው አደጋ አልፏል ብሎ የሚመሰክረው የመንግሥት አካል ነው፤ አደጋው እስኪያልፍ የሚቆየውም መንግሥት ነው። ሁሉም ሰው ከልቡ ቢሠራ እንኳ፣ ተዋሹ የጎረቤቱን በሬ ይዞ የራሱን ማሳ ሲያርስ የታየ ይመስላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ጭምብል የሚነገረው ሁሉ በግማሽ ጆሮ ይሰማል።

ይህ በእኛ ብቻ አልደረሰም። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ምርጫ ቦርድ ኢቦላ ባለባቸው በቤኒና በቡቴምቦ ከተሞች የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ወደ ቀጣዩ መጋቢት አዛወረው፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ደግሞ በጥር ቃለ መሐላ ፈጸመ። ድምፃቸው ከመቆጠሩ በፊት ውጤቱ አለቀ ማለት ነው። ውሳኔው በተሰማ ማግስት በቤኒ የተቆጡ ሰዎች የኢቦላ ማቆያ ጣቢያውን አጠቁ፤ በውስጡ የነበሩ ተጠርጣሪ ታማሚዎች ሸሹ። ቁጣው የተነሳው በምርጫ ቦርድ ነበር፣ ያረፈው ሐኪም ቤት ላይ።

አንድ ከአሥር

አሁን ወደ ቁጥር እንመለስ፤ አንባቢ አይሽሽ፣ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። አንድ ታማሚ በአማካይ ለሁለት ሰው ተኩል ያስተላልፋል እንበል። ግማሽ ሰው የለም፤ ለአራት ታማሚ አሥር ሰው ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ከታማሚው ጋር የተገናኙትን እየፈለጉ በማቆየት ከአሥሩ መተላለፊያ ስድስቱን ከቆረጡ፣ አንዱ ታማሚ በአንድ ብቻ ይተካል። በሽታው አያድግም፣ አይጠፋም። አምስቱን ብቻ ከቆረጡ በአንድ ከሩብ ይተካል። ሰባቱን ከቆረጡ በሦስት አራተኛ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን አንዱ ዙር አምስት ቀን ቢፈጅ፣ በሃምሳ ቀን አሥር ዙር ይሆናል። በመቶ ታማሚ እንጀምር። አምስቱ በሚቆረጥበት አገር በአሥረኛው ዙር የሚያዙት ወደ 930 ይደርሳሉ። ሰባቱ በሚቆረጥበት አገር ስድስት ብቻ። ልዩነቱ ያለው ከአሥር ሰው ሁለቱ እውነቱን በመናገራቸውና ባለመናገራቸው ላይ ነው።

ይህ እውነት ደግሞ በፖሊስ አይገኝም። መንገድ በኬላ ይዘጋል፣ ጭምብል በቅጣት ይደረጋል፤ «ትናንት ማን ቤት ነበርክ?» ለሚለው ግን መልሱ ያለው በሰውየው አፍ ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተመልሰው ነበር፤ ወሎ ልጁን ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ቤት የሚፈለግበት አካባቢ ነው። ከማቆያ ወጥታ መንደሯ የገባች ልጅ ትኩሳት ቢይዛትና ባለሙያ መጥቶ ከማን ጋር እንደዋለች ቢጠይቃት፣ የአክስቷን ስም ብትሰጥ አክስቷ ከገበያ ልትቀር ነው፤ የላካትን ደላላ ብትጠራ ሌላ ጣጣ ነው፤ ቀበሌው ስሟን ጽፎ ለማን እንደሚያስተላልፍ አታውቅም። ስለዚህ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «የትም አልወጣሁም» ትላለች። በሬው አሞታል።

አዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ መጨረሻ ጭምብል አላደረጋችሁም ተብለው ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በፖሊስ መያዛቸው ሲነገር የገረመኝ ይህ ነበር። በመተፋፈግ የሚተላለፍን በሽታ ለመከላከል ሰውን አንድ ላይ ማጎር መቆረጥ የነበረበትን መንገድ መቀጠል ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ ያን ዜና የሰማ ሁሉ ነጭ ጋዋን የለበሰውንና መለዮ የለበሰውን በአንድ ዓይን ማየት ይጀምራል።

ወሎ የሚያስታውሰው

እምነት ማጣትን ባለሥልጣናት ሲገልጹት «የግንዛቤ እጥረት» ይሉታል። ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ባነር ይሰቀላል። እኔ በደቡብ ወሎ ያለው ነገር እጥረት አይመስለኝም፤ ትርፍ ነው። ማስታወስ በዝቷል።

በ1965 ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት አደጋውን ሸሸገ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ወጡ፤ በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም ጉዳዩን ለዓለም አወጣው። ያኔ መንግሥት የበደለው ሥልጣኑን ከልክ በላይ በመጠቀም አልነበረም። ባለመጠቀም ነበር። ይህን መርሳት የለብንም፤ አዋጅን የሚፈራ ሰው ዝምታንም መፍራት አለበት። ኮሌራን በስሙ ላለመጥራት ለዓመታት «አተት» እየተባለ መዘገቡም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

የ1977ቱ ከዚያ በተቃራኒ ሆነ። ድርቁ ሲበረታ ደርግ ሰፈራ አወጀ። በዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ከፋ ተጫነ፤ ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነው። በፈቃዱ የሄደ ነበር። ስንዴ ሊቀበል ተሰልፎ መኪና ላይ የተጫነም ነበር፤ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያየበት ነበር። ይህን የተቃወመው የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ከአገር ተባረረ። አደጋው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በረሃቡ ስም የተወሰደው ሥልጣን ሌላ ማሳ አርሶበታል፤ እርዳታ ማደያውን የሰው መልቀሚያ አድርጎታል። የዚያ ሰው ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ አምባሰልም ተሁለደሬም አሉ። በ2012 «ተመዝገቡ፣ ወደ ማቆያ እናስገባችኋለን» ሲባሉ አያታቸው የነገሯቸው ትዝ ቢላቸው ማን ይፈርድባቸዋል?

ቅርቡን ወጣቱም ያውቀዋል። በመስከረም 2009 የታወጀው አዋጅ በስድስት ወሩ ታድሶ አሥር ወር ቆየ፤ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች መታሰራቸውን የመንግሥት አካላት ራሳቸው ገልጸዋል። በየካቲት 2010 ሌላ መጣ፤ ምክር ቤቱ ሲያጸድቅ የድጋፍ ድምፁ መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ፣ ይህም ከሁለት ሦስተኛው በታች ነው፤ ወዲያው ታርሞ 395 ሆነ። ቆጠራው ላይ የተነሳው ጥያቄ ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ። ሁለቱም ከበሽታ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ግን ለሰፊው ሕዝብ «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» እና «ኮማንድ ፖስት» አንድ ድምፅ ሆነው የተቀረጹት ያኔ ነው። ኮሮናው ሲመጣ ያንኑ ስም ለበሰ። የጤና ሕግ ተብሎ በሌላ ስም ቢወጣ ኖሮ ምናልባት ከሸክሙ ግማሹ በቀለለ።

ከዚያ በኋላም አላቆመም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 አዋጅ ሲወጣ ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወርደው መንገድ፣ ውጫሌም ሐይቅም፣ የጦርነት መንገድ ሆኖ ነበር። ያ አዋጅ የተሰጠው ስድስት ወር ሳያልቅ በየካቲት 8 ተነሳ፤ እንደ የካቲት 2010ሩ ሁሉ በሬው ከቀጠሮው ቀድሞ የተመለሰበት ጊዜ ስለሆነ መመዝገብ አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት ሌላ ታወጀ፣ በጥር ለአራት ወር ታደሰ፣ ግንቦት 2016 ማብቂያ ላይ አለቀ። በስምንት ዓመት ለወሎ ሰው አምስተኛው መሆኑ ነው።

የሚከበር ክልከላ

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲህ ሕዝቡ ክልከላ አይወድም» ብሎ ከደመደመ ተሳስቷል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ከተመሠረተ ጀምሮ ሴቶች አይገቡበትም። ክልከላው ይስማማኛል አይስማማኝም የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው፤ ሰባት መቶ ዓመት ያለ መቀጮና ያለ ፖሊስ መጠበቁ ግን ለጤና ባለሙያ የሚያስተምረው ነገር አለ።

የበለጠ የሚያስተምረው ቅሬው ነው። አዲስ አበቤ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፣ መቃብር ያልቆፈረ ይቀጣል፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ድንኳን ይተክላል። ማስገደድ ካልን ከቅሬ በላይ የሚያስገድድ የለም። ሰው ይቀበለዋል፤ ምክንያቱም መቀጮው የት እንደሚገባ ያውቃል፣ የሚቀጣውን ሰው ነገ በዚያው ደንብ ሲቀጣ ያየዋል፣ ለምን ማሳ እንደሆነ ደግሞ ጥርጥር የለውም፤ ለቀብር ነው። ከቀብር አልፎ ስለ ምርጫ የሚወስን ቅሬ በሳምንቱ ባዶውን ይቀራል።

ላይቤሪያ ይህን የተማረችው በደም ነው። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. መንግሥት በሞንሮቪያ የሚገኘውን ዌስት ፖይንት የተባለ የድሆች ሰፈር በኢቦላ ምክንያት በወታደርና በፖሊስ ከበበው። ሕዝቡ ተነሳ፣ ተተኮሰ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሞተ። በአሥረኛው ቀን ከበባው ተነሳ። ከዚያ በኋላ የኢቦላን ሰንሰለት በመቁረጥ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠይቁ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የታመመ ሰው ስም የሰጧቸው ስለሚታወቁ ነበር።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ቀድሞም አለ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞሩ የኖሩ ናቸው፤ ልጅ ያስከተቡ፣ መጸዳጃ ያስቆፈሩ፣ የማን ቤት የት እንደሆነ የሚያውቁ። የዚያን ጊዜዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የተመረመረውን፣ የተያዘውንና የሞተውን እየቆጠሩ ማውጣታቸውም በ2012 ከተሠሩት ሥራዎች የማደንቀው ነው፤ ደስ የማይል ቁጥር ደብቆ ኋላ ከመጋለጥ በየቀኑ መናገር ይሻላል።

አዋጁ ካበቃ በኋላ የኮሮና መከላከል በመመሪያ ቁጥር 30/2013 ወደ ተራ የጤና ሕግ ተሻገረ። አዋጁ ባበቃ በሳምንታት ውስጥ መስከረም 21 ደረሰ፣ የግሸን ማርያም ንግሥ፣ አምባሰል ተራራው ጫፍ ላይ። አስቸኳይ አዋጅ በሌለበት ጊዜ ለተሳላሚው «ጭምብልህን አድርግ» የሚለው የቀረው ካህኑ፣ ጤና ባለሙያውና ጎረቤቱ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት አዋጁ በተወላቸው ነገር ነው። በ2015 ክረምት ለጸጥታ ተብሎ አዋጅ ሲታወጅ በዚያው ሰሞን ቋራ ላይ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ኮሌራ ሰው ከሰው ጋር ተገናኝቶ ውኃና ጨው ስኳር ካልሰጠው በሰዓታት ይገድላል፤ መንገድ የሚዘጋ አዋጅ ደግሞ መድኃኒቱንም ይዘጋል። ነገ መንግሥት ስለ በሽታ አንቀጽ 93ን ዳግመኛ ቢጠራ፣ ተሁለደሬ ላይ ሬዲዮ የሚሰማው ሰው ለስድስተኛ ጊዜ ነው የሚጠየቀው። ከተጠየቀ ደግሞ ዝርዝሩ በአዋጁ ውስጥ ይጻፍ፣ የታሰረው ሰው ስም በወሩ ቅሬ ላይ ይነበብ፣ የምርጫ ነገር በሌላ ወረቀት ይሁን፣ በየቤቱ የሚዞረው የጤና ሠራተኛ የጻፈው ስም ለፖሊስ እንደማይሰጥ በሕግ ይታሰር። ሁሉም ዛሬ፣ በሽታ በሌለበት ቀን፣ ሊጻፍ የሚችል ነው።

በሚቀጥለው ምዕራፍ በጥር 1963 ስለተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ እናወራለን፤ ክትባት የያዙ ወጣቶች በእግርና በበቅሎ ወጥተው፣ አንዳንድ መንደር በድንጋይ እየተቀበላቸው፣ በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ የመጨረሻውን ታማሚ እንዴት እንዳገኙት።